የቶንዶስ ዘይትና የልጄ ዳቦ

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አማቼ ወደ ማድ ቤት ጎተተኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ሊወጣ ቸኩሏል። «አባባ፣ ይቺን ላሳይዎት» አለኝ። የዳቦ ማሽን ናት። ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ከትቶ ቁልፏን መጫን ብቻ ነው፤ ራሷ አቡክታ፣ ራሷ ጋግራ፣ ሲደርስ ትጮሃለች። «ልጅዎ ሆድ ውስጥ የሚረጋው የዚች ዳቦ ብቻ ነው። የዳቦ ቤቱ ያስመልሳታል። የሽንኩርት ጥብስ ከሸተታትማ አለቀላት። ማሽኗን አደራ!» ብሎኝ ደረጃውን ወረደ። ሰው ሚስቴን አደራ ይላል፣ የኔው አማች ማሽኔን አደራ ይላል። ጭንቅላቱን ደግሞ ራሱ ነው የሚላጨው፤ ከኋላ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። የመጀመሪያ ቀን ነው።

ልጄ አልጋ ላይ ናት። አምስተኛ ወሯን ልትጨርስ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ወርደውባታል፤ ሁለተኛው ስድስተኛ ወሯ ከገባ በኋላ። አሁን ሐኪሟ እስክትወልጂ ከመታጠቢያ ቤት በቀር የትም እንዳትሄጂ ብላታለች። እናቷ ብትኖር እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር? ፀጉር አስተካካይ ለእርጉዝ ምን ይፈይዳል? ብቻ ሱቄን ለባልደረባዬ ትቼ መጥቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ የሚረዳት ሰው ይፈልጋሉ።

ከሰዓት የማሽኗን ክዳን ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ሆዷ ውስጥ ያረረ ፍርፋሪ፣ ክዳኗ ማጠፊያ ላይ ዱቄት፣ ዘንጓ ዙሪያ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ሊጥ። ሱቄ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንኳን ደንበኛ ዝንብም አይገባበትም ነበር።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

የማሽን አጠባብ፣ ዛሬ እንደሠራሁት።

መጀመሪያ ገመዷን መንቀል። ቀጥሎ መጠበቅ፤ ትኩስ እያለች ከነኳት የማሞቂያው ሽቦ ጣት ይጠብሳል። ጠብሶኛል። ስትቀዘቅዝ ድስቷን ጠምዘዝ አድርጎ ማውጣት። ከድስቷ ሥር የምትሽከረከር ትንሽ ክንፍ አለች፣ ማቡኪያዋ፤ ሊጥ ደርቆባት አልወጣም አለች። መጎተት ጀምሬ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ተውኩት፤ ለብ ያለ ውኃ ሞላሁባትና ለልጄ ጋዜጣ ላነብላት ሄድኩ። ስመለስ በራሷ ጊዜ ለቃለች። ድስቷን በሽቦ መፈተግ ነውር ነው፤ ጥቁሩ ቅብ ከተላጠ ዳቦው ይይዛል። ለስላሳ ስፖንጅ፣ በቃ። ድስቷ የምትቀመጥበትን ሆድ ደግሞ ውኃ ማስነካት አይገባም፤ ሥሩ ኤሌክትሪክ ነው። እዚህ ጋ ነው የኔ ሙያ የገባው። ሻንጣዬ ውስጥ የአንገት ብሩሽ ነበረኝ፣ ደንበኛ ተስተካክሎ ሲጨርስ አንገቱን የማራግፍበት። አዲስ ነው፣ የማንም ፀጉር አልነካውም። በሱ ጥርግ አድርጌ አወጣሁት።

ልጄ ከመኝታ ቤት «አባባ፣ ማሽኗን ፂሟን እየላጨሃት ነው?» አለችኝ።

«ከባልሽ ጭንቅላት የሷ ይሻላል» አልኳት።

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። መሳቅም ትፈራለች ማለት ነው፣ ልጄ። ያ ሳቅ አንጀቴን በላው።

ዳቦው ሲወጣ ሁለት ቁራጭ በላች። ጠበቅን። አልመጣም፣ ረጋላት። ማድ ቤት ገብቼ ብቻዬን «እሰይ!» አልኩ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ስታቦካ መጮህ ጀምራለች። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ልጄን ከእንቅልፏ ቀሰቀሰቻት። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ዘይት ይፈልጋል፤ ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት አይኬድም። ፀጉር የምቆርጥበት ቶንዶሴ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ዘይት እያጠጣሁት ነው። ከሻንጣዬ የቶንዶሱን ዘይት አምጥቼ ማቡኪያዋ የምትሰካበት ዘንግ ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ጸጥ አለች። እጄ ይባረክ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

እጄ ይቆረጥ።

ቁርሷን በላች። ወዲያው አስመለሳት። «አባባ፣ ዳቦው ሱቅህ ሱቅህ ይላል» አለችኝ። ቀመስኩት። እውነቷን ነው። የቶንዶስ ዘይት።

ሆዴን ቆረጠኝ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

የአማቼ ስልክ አይነሳም።

ከላያችን የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ጮኬ ጠራኋት። እትዬ እላታለሁ፣ በዕድሜ ብበልጣትም፤ ሴትየዋ እትዬ የምትባል ዓይነት ናት። መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ወረደች። ሐኪሟ ጋ የደወለችው እሷ ናት።

ከሰዓት

አዋላጅ ላኩልን። ልጄን ስታያት ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። መቼም የሰው ልጅ እንደዛ ይጸልያል? ለራሴ እንዲህ ለምኜ አላውቅም። በኋላ «ይግቡ አባት፣ ይስሙት» አለችኝ። የሕፃኑ ልብ ነው። ትክ ትክ ትክ፣ ፈጣን፣ እንደቸኮለ ሰው እርምጃ። ልጄ ዐይኖቿን ጨፍና ታለቅሳለች።

«ጠብታ ዘይት ልጅ አያስወርድም» አለች አዋላጇ። «ሆዷን የቆረጣት ማስመለሱ ነው። ግን ዘይቱን ከማሽኑ ያርቁት፣ እሺ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ገድያት ቢሆንስ? ሽበቴን ይዤ፣ በእውቀቴ ተመክቼ፣ የልጅ ልጄን ቢሆንስ? ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ትናንት እጄ ይባረክ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዘይት ከማሽን እንዴት ይወጣል። በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ እንደገና፣ እንደገና። ኮምጣጤ በውኃ በጥብጦ ዘንጉን በጆሮ ኩክ ማውጫ መወልወል። ከዚያ ሊጥ አስቡክቶ መጣል፤ ሊጡ የቀረውን ዘይት ይዞ ይወጣል። አስቡክቼ ጣልኩ። ደግሞ አስቡክቼ ጣልኩ። እትዬ ናት የምታሸትልኝ፤ አፍንጫዋ የውሻ ነው። «አሁንም ሱቅህ አለ» ትለኛለች። በመጨረሻ «አሁን የለም፣ ዘግቷል» አለች።

ዘንጉን ስወለውል ያገኘሁት ሌላ ነገር፦ ከጎሚኒው ሥር፣ ውኃ እንዳያሳልፍ የተደረገው ጎማ ጋ፣ የደረቀ ሊጥ ቀለበት ሠርቷል። እሱን ባወጣሁት ሲጥታው ጠፋ። ዘይት አልነበረም ለካ የፈለገችው፣ መታጠብ ነበር።

አማቼ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጉንጬን ሳመኝና ወደ ሚስቱ ገባ። ግድግዳው ስስ ነው። «አባትሽ ይቺን ማሽን አንድ ቀን ሳይላጯት አይቀሩም» ሲል ሰማሁት። እሷ ደግሞ «እሽሽ! ዝም በል። ሰምቶ ሻንጣውን እንዳያነሳብኝ» አለች።

ሻንጣዬ መንገድ ዘግቶባቸው ኖሯል። ከኮሪደሩ አንስቼ አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ማሽኗን አጠብኩ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ጠዋት አጠብኳት። ማታም አጠብኳት፣ ሳትቆሽሽ። ልጄ ስትነሳ ስትቀመጥ ጆሮዬ ከሷ ጋር ነው። መታጠቢያ ቤት ከገባች በሩ እስኪከፈት እጄ ስፖንጁን ይጨምቃል።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ክዳኗን ፈትቼ መስተዋቷን ወለወልኩ። አማቼ ጭነት አልወሰደም፣ ታመምኩ ብሎ ቀረ። አልታመመም። ሦስታችንም ስለ ዝናቡ አወራን።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ያ ሳምንት አለፈ። ባለፈው የወረደባት ሳምንት። ልጄ ጠዋት ዳቦዋን ይዛ «ዛሬ ቅርፊቱ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ዝናብ ሲሆን ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፤ ውኃውን ቀነስ አደረግኩ» አልኳት። ስለ ቅርፊት ስናወራ አረፈድን። ሳስበው እንደዚህ ደስ ብሎኝ ስለ ቅርፊት አውርቼ አላውቅም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ እንጂ ደህና ነን። ከደህናም በላይ ነን። ጠዋት በማሽኗ ጩኸት እነሳለሁ፣ ዳቦውን አወጣለሁ፣ ለልጄ እወስዳለሁ፣ እሷ ስትበላ እኔ ማሽኗን እበትናለሁ። እትዬ የልብስ ስፌቷን ይዛ ትወርዳለች። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ታውቃለች፣ ያላወቀችውን ትሰፋዋለች። ልጄ ጉንጯ ሞላ፣ ቀለሟ ተመለሰ። ማስመለስ ካየሁባት ቆየሁ።

ስለዚህ ዛሬ እራት ላይ አነሳሁት። «እንግዲህ ማቅለሽለሹም ለቆሻል፣ ሁለት ሳምንት ብዬ መጥቼ ሥር ሰደድኩ። ሱቄን ልይ» አልኳቸው። አማቼ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሳህኗን አየች። ወዲያው አፏን ይዛ «ኧረ ዛሬ ጠዋትም አቅለሽልሾኝ ነበር። ካንተ ዳቦ በቀር ምንም አይረጋልኝም፣ አባባ» አለች። ጠዋት ግን እየዘፈነች ነበር። እርግዝና እንዲህ ነው መቼም፣ ይለዋወጣል። ቆየሁ። ምን ይደረጋል።

አንድ ያስቆጣኝ ነገር አለ። መኝታ ቤታቸው የጥብስ ሽታ ሸተተኝ። አማቼ ከመንገድ ሲመጣ ጃኬቱ ሥር የሆነ ነገር ደብቆ ሲገባ አይቼዋለሁ። አልጋ ላይ ይበላል ማለት ነው! ሚስቱ ሽታ እንደማትችል እያወቀ! ሹፌር መሆን አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ግን ጭካኔ ነው። ማድ ቤት ጠርቼ ወረድኩበት። ጆሮው እስኪቀላ ሰማኝና «ልክ ነዎት አባባ፣ አይለምደኝም» አለ። በተከፈተው በር ልጄን ሳያት ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስለ ባሏ አፍራ ይሆናል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ማሽኗ ቆመች።

ትጮሃለች፣ ሞተሯ ይዞራል፣ ማቡኪያዋ ግን አትንቀሳቀስም። ገልብጬ ሥሯን ፈታሁ። ችንጋዋ ተበጥሷል፣ ሞተሩን ከማቡኪያዋ የሚያገናኘው ጎማ።

እትዬ ታች ገበያ ድረስ ሄዳ ጠየቀች። የትም የለም።

ምን ትብላ? ምን ይዋጠኝ?

በእጄ አቦካሁ። እጅ ነው እንግዲህ፣ ስንት ጭንቅላት ያሸ እጅ። ኩፍ ሲል በድስት ከድኜ ጋገርኩት። ሥሩ ትንሽ አረረ። ልጄ እያየኋት ቆረሰችና አኘከች፣ ዋጠች፣ ደገመች። ረጋላት! የማሽን ካልሆነ አይረጋላትም ተብሎ አልነበር? ለካ የማሽኗ አይደለም፣ የእጄ ነው። ቀኑን ሙሉ ኩራቴ አላስቀምጥ አለኝ።

አመሻሽ ላይ ውኃ ላቀብላት ስሄድ እትዬ ከውስጥ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታሞኚው?» ስትላት ሰማሁ። ማንን እንደሆነ አልሰማሁም። የሰው ነገር ምን አገባኝ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አማቼ ችንጋ ይዞ መጣ። መንገድ ላይ ባገኘው ከተማ ሁሉ እየወረደ ሲጠይቅ ነበር አሉ። ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ማሽኗን በመሃላችን ገልብጠን ገጠምንላት። እኔ ያዝኩ፣ እሱ ጎተተ። ጠባብ ቦታ ነው፤ ጣታችን ተላላጠ፣ ተሰዳደብን፣ ገባ። ቁልፏን ስንጫነው ዞረች። እንደ ልጅ አጨበጨብን።

ከዚያ ከወለሉ አልተነሳም። «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «መንገድ ላይ ስልኬ ሲጠራ መኪናውን ዳር ሳላቆም ማንሳት አልችልም። ባለፈው ጊዜ የሰማሁት በስልክ ነው። ብቻዋን ነበረች። ብቻዋን ከደረጃው ወርዳ፣ ብቻዋን መኪና ለምና። አሁን እርስዎ አሉ ብዬ ነው የምነዳው። እርስዎ ባይኖሩ ሥራውን እተወው ነበር።»

እኔ ለሰው ጆሮ ስሰጥ የኖርኩት ከኋላው ቆሜ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያወራኝ አልለመድኩትም። «ና እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አልኩት። «ለምን?» አለ። «ያንን ደረጃ ልደልድልልህ።» ፎጣ አንገቱ ላይ አስሬ በቶንዶሴ አስተካከልኩት። ልጄ ከአልጋዋ «ጎበዝ! ሰው መሰለ!» ስትል እኔና እሱ ባስያዝኩት የእጅ መስተዋት ተያየን። መልከ መልካም ነው ለካ። ልጄ ያየችውን እኔ አሁን ገና አየሁት።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ሆዷን እየያዛት ነው። ጊዜው አልደረሰም። አልደረሰም!

አማቼ መንገድ ላይ። ታክሲ። እትዬ። ፎጣ። መታወቂያ።

ማታ

ሐኪም ቤት ልታድር ነው። እየለቀቃት ነው ብለዋል፣ ሕፃኑም ደህና ነው ብለዋል፣ ነገ ትመለሳለች ብለዋል። ያሉትን ነው የምጽፈው፤ በዐይኔ አላየሁም። በሩ ላይ ቀረሁ። እትዬ ይዛት ገባች፣ እኔ አጥሩን ይዤ ውጪ ዝናብ ላይ ቆምኩ። እናቷን በዚያው ዓይነት በር ነበር ያስገባኋት፤ ይዣት አልወጣሁም። ልጄ ዞራ «አባባ?» ስትለኝ «ማሽኗን ሳልነቅላት መጣሁ መሰለኝ፣ ልያት» አልኳት። አፈር ልብላ፣ ይሄን አልኳት። ነቅያት ነበር።

ቤት ገብቼ በታትኜ አጠብኳት። አሁን ደርቃለች፣ ገጥሜያታለሁ። እንቅልፍ የለኝም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ተመልሳለች። «ማሽኗ ደህና ናት?» አለችኝ። ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ። «ደህና ናት» አልኳት። እጄን ያዘችኝና ሳትለቀኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳቦ አልጋገርኩም፤ እጄን ማውጣት አልፈለግኩም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ዱቄት ልገዛ ወጥቼ ዣንጥላዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ። ደነገጥኩ፤ ልጄ አለቀላት ብዬ። ኮሪደሩን አለፍ ስል በመኝታ ቤቱ በር ክፍተት አየሁ። እትዬ መጥበሻውን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጄ ትራስ ተደግፋ፣ በሽንኩርት የተጠበሰ እንቁላል በሹካ፣ እንዴት እንደምትበላ! ጉንጯ ተነፍቶ። «ቶሎ ቶሎ ብዪ፣ ይመጣል» ትላታለች እትዬ።

ዣንጥላዬን አልወሰድኩም። አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው፣ በጣቴ ጫፍ ወጥቼ ደረጃውን ወረድኩ። ዝናቡ ላይ ሰፈሩን ዞርኩ። ስመለስ ከታች ጀምሬ እየሳልኩ፣ ደረጃውን በእግሬ እየመታሁ ወጣሁ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። እትዬ መጋረጃ ትሰፋለች።

ዳቦውን ጋገርኩ። ልጄ ሁለት ቁራጭ በላች፣ ጥጋብ እያስጨነቃት። አጠገቧ ቆሜ እስክትጨርስ አየኋት። ማሽኗን አጠብኩ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከማን ደጅ እንደተቆረጠ ግን እንጃ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። ሐኪሟ «አሁን ቢመጣም አንፈራም» አለች። ይሄን ዓረፍተ ነገር አማቼ በስልክ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ዳቦ ጋገርኩ። ጠዋትም ማታም። ልጄ ዳቦውን ስታየው በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ግን ትበላለች። ለማሽኗ አዲስ ጎሚኒ ቀየርኩላት፤ አሮጌው ገና ይሠራ ነበር።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጀመራት። ውኃው ፈሰሰ። ታክሲ መጣ።

እሁድ

ትናንት ካቆምኩበት። በሩ ላይ ስንደርስ እትዬ ክንዷን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። ልጄ ግን ወደ እኔ ዞራ ነበር። አላስለመንኳትም። ክንዷን ያዝኩና ገባሁ። ኮሪደሩ ያው ነው፣ ሽታው ያው ነው። ደጋፊ መስዬ ሄድኩ እንጂ የደገፈችኝ እሷ ናት። ምጥ በመጣ ቁጥር ጣቴን ትጨምቃለች፤ «ጩኺ፣ ማንም አይሰማሽም፣ ሁሉም እየጮኸ ነው» እላታለሁ። አማቼ ሲደርስ እጇን ለሱ ሰጥቼ ውጪ ቆምኩ። መኪናውን ጭነቱን እንደያዘ ሐኪም ቤቱ ፊት መሃል መንገድ ላይ ትቶ ነው የመጣው፣ የሰው ጥሩንባ ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ ልቅሶ ሰማሁ። የሕፃን ልቅሶ። ቁጡ፣ ደረቅ፣ የሚያምር።

ሴት ናት። ጤነኛ ናት። ልጄም ጤነኛ ናት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁልቁል ተንሸራትቼ ወለል ላይ ተቀመጥኩና እንደ እብድ አለቀስኩ። ነርሷ ውኃ አመጣችልኝ። «የመጀመሪያ የልጅ ልጅዎ ናት?» አለች። «ናት» አልኳት። ሌሎቹን ሁለቱን ግን አልረሳኋቸውም፤ ለነሱም ነበር ያለቀስኩት።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ዛሬ ቤት ገቡ። እኔ ቀድሜ ማሽኗን አዘጋጅቼ ነበር። ድስቷን አጠብኩ፣ ማቡኪያዋን ለይቼ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ሆዷን በብሩሼ ጠረግኩ፣ ገመዷን ጠቅልዬ ካርቶኗ ውስጥ ከተትኳት። ሻንጣዬንም ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ሥራ ሲያልቅ ሰው ይሄዳል። ራሴን እንደዛ እያልኩት ነበር።

ልጄ ሕፃኗን አስተኝታ፣ ግድግዳ እየያዘች ማድ ቤት መጣች። ካርቶኑን አየች። ሻንጣውን አየች። «ምን እያደረግክ ነው፣ አባባ?»

«እያሸግኩ ነዋ። ማሽኗም ሥራዋን ጨረሰች፣ እኔም…»

አላስጨረሰችኝም፣ ማልቀስ ጀመረች። «ዋሽቼሃለሁ» አለች። «ከሰኔ ጀምሮ ምንም አላቅለሸለሸኝም። ሁሉን ነገር እበላ ነበር። ዳቦው ካላስፈለገኝ ትሄዳለህ ብዬ ነው። እሱ መንገድ ላይ ነው፣ እማዬ የለች፤ ያን አልጋ ብቻዬን ተኝቼበት አውቀዋለሁ። ቅር አይበልህ፣ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ልቅሶዋ ቀጥ አለ። «ታውቃለህ? ከመቼ ጀምሮ?»

«እትዬ እንቁላል የጠበሰችልሽ ቀን በሩ ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ እያወቅክ ነው ጠዋት ማታ ዳቦ ስታበላኝ የከረምከው? ልፈነዳ ነበር እኮ! ለምን?»

ቀልድ ፈለግኩ። እኔ ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ቀልድ አጥቼ አላውቅም። አጣሁ።

«ዳቦው ካላስፈለገሽ እኔም አላስፈልግሽም ብዬ ነው» አልኳት። «ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋው የሚመጣ ዝምታ አለ። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ እፈራዋለሁ። ሱቅ አመሻለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ አይለቀኝም። እዚህ ግን አልነበረም። ልጄ፣ አንቺ ከምታውቂው በላይ ፈሪ ነኝ።»

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለዚህ ደብተር እንኳ።

ልጄ ካርቶኑን ከፈተች፤ ማሽኗን ማንሳት ስላልቻለች ገመዷን ብቻ ስባ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እንደዛው ቆመን ሳለ ከውስጥ ልቅሶ ተነሳ። አማቼ መኝታ ቤት ውስጥ «ምን ላድርጋት? በየት በኩል ነው የምትያዘው?» እያለ ይጮሃል። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

እጄን ታጥቤ ገብቼ አነሳኋት።